ነርሚንን የቀፈፋት

ነርሚን ንፍጥ ስታይ ያስመልሳታል። ይህን ዳሃብ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የማያውቅ የለም፤ የሚስቁባትም በዚሁ ነው። የመረጠችው ሥራ ሰው አስከትሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ሆኖ ሳለ! ጠልቆ የወጣ ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን ሙሽራ፣ የመጥለቂያ መነጽሩን ሲያወልቅ ከአፍንጫው እስከ አገጩ ምን ተንጠልጥሎ እንደሚወጣ ያየ ያውቀዋል። ነርሚን ተማሪዎቿ ከውሃ ብቅ ባሉ ቁጥር ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ሶፍት ወደ ፊት ዘርግታ፣ «ጥረጉ፣ መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ እናወራለን» ትላለች።

ሁሉም ይስቃል። አንድ ሰው ብቻ ስቆባት አያውቅም። ዑዳ።

ዑዳ መዚና ከተባለው የበደዊን፣ የበረሃ ዐረቦች፣ ጎሣ ነው፤ እዚያው ባሕር ዳር ተወልዶ፣ እዚያው ባሕር ዳር ዋና ተምሮ፣ በነርሚን አባት የጠላቂዎች ቤት መሪ ጠላቂ ሆኖ ይሠራል። ከውሃ ሲወጣ ወደ ጀልባዋ ከመዞሩ በፊት ጀርባውን ይሰጥና መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ባሕሩ ውስጥ ይነክራል። አፍንጫውን ያጥባል፣ ጢሙን ያጥባል፣ እንደገና ያጥባል። ከዚያ ነው የሚዞረው። ነርሚን ይህን የሚያደርገው ለማን እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው። የገባት ቀን ሶፍቱን እንደያዘች ቀረች፤ እሱም ፊቱ እየተንጠባጠበ አያት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጀልባዋ ላይ የማይተያዩበት ጊዜ አልነበረም።

አባቷ ረእፈት ቤይ፣ ጌታው ረእፈት እንደማለት ነው፣ ከካይሮ መጥቶ ያንን የጠላቂዎች ቤት ሲያቋቁም በጉብዝናው ራሱ ጠላቂ ነበር። ነርሚንንም ያስተማራት እሱ ነው። እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ፣ «ጉንፋን የያዘው ሰው ባሕር አይገባም፤ አፍንጫው ያልተከፈተለት ጆሮውም ግንባሩም አይከፈትለትም። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ» ይላት ነበር። አሁን ሸምግሏል፣ ወፍሯል፣ ከባሕሩ ይልቅ ከባለ ሆቴሎች ጋር መቀመጥ ይወዳል። ከባለ ሆቴሎቹም የአንዱ ልጅ ታሚር፣ ቤቱን በሽርክና ሊይዝ፣ ነርሚንንም ሊያገባ ከካይሮ መጣ።

ታሚር ነጭ ይወዳል። ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ፎጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። የነርሚንን እጅ ሲስም ከንፈሩ እርጥብ ነው፤ እሷም እጇን ከጀርባዋ ደብቃ በልብሷ ትጠርገዋለች። ስለ በደዊኖቹ ሲያወራ ደግሞ አጠገቡ ቆመው እየሰሙት እንደ ዕቃ ነው የሚያወራው። «እነዚህን ከፊት ለፊት ማንሳት አለብን፤ እንግዳ ሲገባ የሚታየው ንጹሕ ሰው መሆን አለበት።» ረእፈት ቤይ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ አዎ ማለቱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዑዳ በግቢው የውሃ ጎማ መነጽሮቹን እያጠበ ሳለ አስነጠሰው። ጉንፋን ይዞት ነበር። ጎንበስ ብሎ ተናፈጠ። ነርሚን በዚያች ቅጽበት ከበሩ ወጣች። አየች፣ ፊቷን አዞረች፣ በመጣችበት ተመልሳ ወደ ቢሮ ገባች። አባቷ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«ታሚር መልስ ይፈልጋል» አላት። «ነገ እንግዶቹን ይዞ ይመጣል፤ በጀልባ እናወጣቸዋለን። በሰው ፊት ፈገግ በይ።»

የነርሚን ድምፅ ከፍ አለ። «ባባ፣ ያቅለሸልሸኛል! ሲቀርበኝ ያቅለሸልሸኛል። እዚህ ግቢ ውስጥ ባላየው ደስታዬ ነው። እንዴት ከሱ ጋር አንድ ቤት እኖራለሁ?»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ዑዳ ጎማውን እንደያዘ ቆሟል። አባቷ ቀስ ብሎ የጠራውን ስም አልሰማም፤ እሷም ስም አልጠራችም። የሰማው «ያቅለሸልሸኛል» እና «ባላየው ደስታዬ ነው» የሚለውን ነው፤ የቀረው በውሃው ድምፅ ተዋጠ። ፊቷን ስታዞር ደግሞ ቅድም በዓይኑ አይቷል። ውሃው እግሩ ላይ ይፈስሳል፣ ጫማው ውስጥ ይሞላል፤ እሱ ግን ውሃውን መዝጋት እንኳ ትዝ አላለውም።

ጠዋት ጀልባዋ ላይ ነርሚን «ደህና አደርክ?» ስትለው የአየር ሲሊንደር እያሰረ «ደህና» አላት። ቀና አላለም።

«ድምፅህ ታፍኗል። ጉንፋኑ አልለቀቀህም። እኔ ብቻዬን እወስዳቸዋለሁ፣ አንተ ቅር።»

«ለቆኛል።»

«ዑዳ፣ እየኝ እስቲ።»

«ለቆኛል አልኩሽ እኮ፣ ሲት ነርሚን።»

ሲት ነርሚን! እመቤት እንደማለት ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ እንደዚያ ብሏት አያውቅም። ታሚርን ጀልባዋ ላይ ስላየ ተቆጥቶ ነው ብላ አሰበች። ቅናት መሰላት፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ አላት። ከዚያ ታሚር ከኋላዋ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ ሲጥል ደስታዋ ጠፋ፤ ቆዳዋ ላይ ቀንድ አውጣ የሄደባት መሰላት።

እሷ ያላየችው ነገር ነበር። ከሲሊንደሮቹ ጀርባ ረእፈት ቤይ ዑዳን ነጥሎ ወስዶት ነበር። መዳፉ ላይ አንዲት ክኒን አስቀመጠለት።

«ዋጣት። አፍንጫህን አሁኑኑ ትከፍትልሃለች።»

«ቤይ፣ ታች ስደርስ አፍንጫዬ መልሶ ቢዘጋብኝስ?»

«ይኸ ሁሉ የኔ እንግዳ ነው። ልጄ ብቻዋን ልትወስዳቸው ነው? ወይስ አንተንም ከፊት እንዲያነሱህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ እሷም ባታይህ ይሻላታል። በአፏ ነግራኛለች።»

ዑዳ ክኒኗን ዋጠ። ጀልባዋን የሚነዳው ሽማግሌ ራይስ ኸልፋን ከመሪው ላይ ሆኖ አየ፤ አንገቱን መልሶ ወደ ባሕሩ አዞረ።

ሲወርዱ ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ዑዳ ከፊት፣ እንግዶቹና ታሚር መሐል፣ ነርሚን ከኋላ። ኮራል በተባለው የባሕር ድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ወደ ታች ሰመጡ፤ ሰማያዊው ጠቆረ፤ ዓሣዎቹ እንደ ተበተነ ሳንቲም ብልጭ ድርግም አሉ። ዑዳ አፍንጫውን ይዞ ጆሮውን ሲከፍት አየችው፤ ቶሎ ተከፈተለት። እውነትም ለቆታል አለች በልቧ።

ሲመለሱ ነው ነገሩ የመጣው። እንግዶቹ የጀልባዋን ገመድ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ብርሃኑ መውጣት ሲጀምሩ ዑዳ ከሥር ቀረ። ነርሚን ወደ ታች ስታይ ቆሟል። አንድ እጁ ግንባሩ ላይ ነው። ትንሽ ከፍ አለ፤ ሰውነቱ ተኮማተረ፤ ተመልሶ ወረደ። እንደገና ከፍ አለ፤ እንደገና ወረደ።

ገባት። ለተማሪዎቿ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትስለው ነገር እዚያ በሕይወት ቆሞ ይታያታል። ታች የገባው አየር ግንባሩ ውስጥ ተዘግቶበታል፤ ሰውየው በወጣ ቁጥር አየሩ ያብጣል፤ መውጫ የለውም። ሲወርዱ የሚያም ሳይነስ፣ ይህ የግንባር የአየር ክፍት፣ ቀላል ነው፤ ተመልሰህ ትወጣለህ። ሲወጡ የሚያም ግን ወዴት ይኬዳል? የሚተነፈሰው አየር ያለው ከላይ ነው፤ ሲሊንደሩ ደግሞ እያለቀ ነው።

ለእንግዶቹ ውጡ የሚል ምልክት ሰጥታ ወደሱ ወረደች። ትርፍ መተንፈሻዋን ሰጠችው፤ ከሷ ሲሊንደር ይስብ ጀመር። የደረት ማሰሪያውን ያዘች። ዓይን ለዓይን ሆነው ትንሽ ወጡ፤ ፊቱ ሲጨማደድ አቆመችው፤ ትንሽ አወረደችው፤ ጠበቁ። እንደገና ትንሽ ወጡ። ጥፍሩ ክንዷ ውስጥ ይገባል። ግንባሩ መሐል ምስማር እየተመታበት እንደሆነ ከዓይኑ ታነባለች። እኔ አለሁ፣ ቀስ በል፣ እኔ አለሁ ትለዋለች በዓይኗ። እሱ ግን ዓይኑን ይሸሽባታል። በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ከሷ መሸሽ!

ከዚያ ግንባሩ ውስጥ የተዘጋው ነገር ተቀደደ።

መነጽሩ ሞላ። ውሃ ውስጥ ደም ቀይ አይደለም፤ መጀመሪያ የበሰበሰ አረንጓዴ ሆኖ መጣ፤ ከሱ ጋር የጓጎለ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ፣ ቢጫም ግራጫም የሆነ ነገር። ከመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ወረደ። ወደ ብርሃኑ በቀረቡ ቁጥር እየቀላ፣ እየቀላ ሄደ። የዑዳ ዓይኖች በዚያ አተላ መሐል ተከፍተው ነበር። የነርሚን አፍ ውስጥ መተንፈሻ አለ፤ ወደ ላይ የመጣውን መራራ ነገር መልሳ ዋጠችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ማሰሪያውን ግን አልለቀቀችም።

ጀልባዋ ላይ ሲጎትቱት መነጽሩን ያወለቀችለት እሷ ናት። ያ ሁሉ በአንዴ ደረቱ ላይ ተደፋ። አንዷ እንግዳ ጮኸች። ታሚር ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፣ እየሳቀ።

«ኡፍፍ! ይሄ ምንድነው? አንጎሉ ነው እንዴ የፈሰሰው?»

«ፎጣ! ፎጣ ስጡኝ!» አለች ነርሚን። ቅርብ ያገኘችውን ነጭ ፎጣ ስትይዝ ታሚር ከእጇ ነጠቃት።

«ኧረ ይሄን አይደለም! ፊቴን እኮ ነው የምጠርግበት!»

ነርሚን ቀና ብላ አየችው። ንጹሕ ፊት፣ ንጹሕ ጥርስ፣ ንጹሕ ፎጣ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነገር በሕይወቷ አይታ የማታውቅ መሰላት። ዞራ በባዶ መዳፏ የዑዳን አፍንጫና አፍ ጠረገች። ሞቃት ነበር፤ ጣቶቿ መሐል ተሳበ። ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። ከዚያ ተነስታ ሮጠችና የጀልባዋን ጠርዝ ይዛ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ባሕሩ ውስጥ አስመለሰች።

ስትመለስ ራይስ ኸልፋን ከዑዳ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። «ክኒኗ ናት» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር። «ከታች ሳለ ኃይሏ አለቀ።»

«የምን ክኒን?»

ሽማግሌው ወደ ረእፈት ቤይ አየ። ረእፈት ቤይ ከጥላው ሥር ተቀምጦ የዓይን መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

«አፍንጫ መክፈቻ ናት፤ መርዝ አላበላሁትም» አለ። «እኔም በጊዜዬ ስንቴ ውጬ ገብቻለሁ።»

«አንተ ነህ የሰጠኸው? አንተ? ምን ብለህ ነው እኔን ያስተማርከኝ?»

«እሱ ለተማሪ የሚባል ነው፣ ነርሚን። ሥራ ሥራ ነው። በይ አሁን ከኋላ ወስዳችሁ አስተኙት፣ ወለሉንም እጠቡ፤ እንግዶቹ ምሳ ሊበሉ ነው። ከምሳ በኋላ አንዴ ደግመሽ ታስገቢያቸዋለሽ።»

ሩዙና የተጠበሰው ዓሣ ቀርቧል። አንዱ እንግዳ ዓሣውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ሳህኑን ከፊቱ ገፋ።

«አላስገባም» አለች ነርሚን። «ከፈለግህ ክኒንህን ዋጥና አንተ አስገባቸው። ራይስ ኸልፋን፣ ወደ ከተማ።»

«እኔ ሳላዝዝ ይቺ ጀልባ አትነቃነቅም!»

ራይስ ኸልፋን የተገፋውን ሳህን አየ። «ቤይ፣ እንግዶቹ እንኳ መብላት አልቻሉም» ብሎ ተነሳና ሞተሩን አስነሳ።

ነርሚን ከጀልባዋ ኋላ፣ ከዑዳ ጎን ተቀመጠች። እሱ ደሙ ወደ ጉሮሮው እንዳይሄድ ራሱን ወደ ፊት አዘንብሏል። ምራቁን በተፋ ቁጥር ቀይ ክር ይከተለዋል።

«ሂጂ» አላት፤ ድምፁ ከታፈነ ጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። «እባክሽ ሂጂልኝ። አትይኝ።»

«አልሄድም።»

«አስመለሰሽ እኮ! ሰምቻለሁ። ትናንትም ሰምቼሻለሁ። ‘ያቅለሸልሸኛል፣ እዚህ ግቢ ባላየው ደስታዬ ነው’ ስትዪ። ልብስ ባጥብ፣ ፊቴን ባጥብ፣ በባሕሩ ሁሉ ብታጠብ የማይለቅ ነገር አለብኝ መሰለኝ።»

ነርሚን ወደሱ ዞረች። «ስለ ታሚር እኮ ነው!»

«ምን?»

«ስለ ታሚር ነው ያልኩት፣ አንተ ደንቆሮ! እጄን ሲስመኝ ምራቁ እላዬ ላይ ይቀራል። እሱን ነው። ለዚህ ነው ክኒን የዋጥከው? ልትሞትብኝ ነበር እኮ! በግማሽ ለሰማኸው ወሬ ብለህ?»

ዑዳ ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረ፤ ግንባሩ ወጋውና ዓይኑን ጨፈነ። «ፊትሽን ግን አዙረሻል» አለ ቀስ ብሎ። «ስናፈጥ። ያንን አይቻለሁ።»

ነርሚን መዋሸት ትችል ነበር። ማንም ቢሆን በዚያች ሰዓት ይዋሻል።

«አዙሬያለሁ» አለች። «ቀፎኝ ነው። አሁንም ይቀፈኛል። እጄን እየው፣ ጣቴ መሐል ደርቋል። ነገም ይቀፈኛል። ብናረጅም አንተ ጉንፋን በያዘህ ቁጥር ይቀፈኛል። አንተን ግን አልጠላህም፣ ዑዳ። እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ሌላው ሰው ሲያስጠላኝ እሸሻለሁ፤ አንተ ጋ ሲመጣ እግሬ አይሄድም።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ከአፍንጫው የደም አረፋ ሆኖ ወጣ። እሷም ‘ኡዋ’ ብላ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሁለቱም፣ አንዱ እያመመው ሌላዋ እያቅለሸለሻት፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው መሳቅም ማልቀስም ያልሆነ ነገር አደረጉ።

ከተማው ሆስፒታል ውስጥ የአፍንጫና የጆሮ ሐኪሟ የዑዳን ግንባር በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ አፍንጫው ውስጥ መብራት ከታ ብዙ አየች። የሳይነሱ ልባስ ተቀድዷል፤ ዓይኑ ግን ደህና ነው፤ ፈጥኖ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን ጉዳቱ የከፋ ይሆን ነበር አለች። ለረጅም ጊዜ ባሕር እንዳይገባ ከለከለችው። በጥጥ ደፍናው፣ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ጠብቁ ብላ ሄደች።

ረእፈት ቤይ የመጣው ያኔ ነው። ነርሚን ሲያያት ምን እንደሚል ጠበቀች። ይቅርታ ይላል ብላ ጠበቀች። አባቷ ነው፤ ይጠብቃል ልቧ።

ከዑዳ ራቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። «ስሚኝ ልጄ። ክኒኗን ራሱ ገዝቶ፣ እኛ ሳናውቅ ዋጣት ብለሽ ለሐኪሟ ንገሪ። ወሬው ከወጣ ቤቱ ይዘጋል። ታሚርም አሁን ተቆጥቶ ነው እንጂ አንድ ቃል ብትነግሪው ይመለሳል። ልጁም ከኛ አያጣም፤ ድሃ ነው፣ ያገኘውን አመስግኖ ይወስዳል።»

ነርሚን ፊቱን አየችው። ዓይኖቹ ያው ዓይኖቹ ናቸው። ባሕር እንዴት እንደሚተነፈስ ያስተማሯት ከንፈሮች ያው ናቸው። ከነሱ ግን ይህ ወጣ፤ ለስላሳ ሆኖ፣ ‘ልጄ’ እየተባለ ወጣ። የጠዋቱ መነጽር፣ ደሙ፣ አተላው፣ ሁሉም ከዚህ አጠገብ ንጹሕ ነበር።

«ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ» አለች። «ማን እንደሰጠው ነግሬያታለሁ። እርስዎ ቤት ከዛሬ ጀምሮ አልሠራም።»

«እርስዎ?» አለ ረእፈት ቤይ። ከተወለደች ጀምሮ አንተ ነበር የምትለው። ፊቱ ፈረሰ። ቁጣ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራ ሽማግሌ መሰለ። «ነርሚን... ነርሚንዬ...» ብሎ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ልማዱ ፀጉሯን ሊዳብሳት ቀረበ።

ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሸሸ።

እሷ አይደለችም ያሸሸችው። አላሰበችውም፤ አልፈለገችውም። ገላዋ ራሱ፣ ከቆሻሻ እንደሚሸሽ፣ ሸሸ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም እጁን አዩት። ረእፈት ቤይ ቀስ አድርጎ መለሰው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ በኮሪደሩ ወጥቶ ሄደ። ጀርባው እንዲህ ጎብጦ አይታው አታውቅም።

ያኔ ነው ነርሚን ያለቀሰችው። ጀልባዋ ላይ ያላለቀሰችው፣ ባሕሩ ውስጥ ያላለቀሰችው። ታሚርን አስጠላኝ ብሎ መተው ቀላል ነው። አባትን ግን እየወደዱ እንዴት ይጸየፉታል? ሊጠሉት ቢሞክሩ መውደዱ አይለቅ፤ ሊወዱት ቢሞክሩ ገላ አልቀበልም ይላል።

ዑዳ ጥጥ በአፍንጫው እንደሞላ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። «ብን ሆንሽ?» አላት። አፍንጫው ስለተደፈነ «ምን» ማለት አቅቶት ነው።

ግንባሯን ሸሚዙ ላይ ጣለች። ሸሚዙ የደረቀ ደም፣ የጨውና የላብ ሽታ ነበረው፤ ጉንጯ ላይ ይሻክራል። ነርሚን የሰውነቷን ፍርድ እየፈራች ጠበቀች። ገላዋ ግን አልሸሸም። እዚያው፣ በዚያ ሽታ ውስጥ፣ ቀስ እያለ ተረጋጋ።